የረቡዕና የዓርብ እንቁላል

ሰው ለራሱ የከበደው ነገር ጎረቤቱ ትከሻ ላይ ሲያርፍ እንዴት እንደሚቀልለው አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አስተውያለሁ፤ ሌላ ሥራ ስለሌለኝ። ለምሳሌ ዝም ማለት ለእኔ ሞት ነው። ባለቤቴ ግን ትንሽ ዝም ብትል ለጤናዋ ምን ያህል እንደሚበጃት ሳስረዳት እስከ ምሳ ሰዓት አላቋርጥም።

ሃይማኖትና ሕግ የሚባለውም ነገር እንደዚሁ ነው። በታክሲ ሬዲዮ ትልልቅ ሰዎች ሲከራከሩበት እሰማለሁ። አንዱ፣ ክርስቲያን ኃጢአት የሚለውን ሕጉም ወንጀል ይበለው ይላል፤ ሌላው የነፍስን ጉዳይ ለነፍስ አባት ተዉለት ይላል። ሁለቱም ልክ ይመስሉኛል። ትምህርት ስለሌለኝ ይሆናል፤ ትምህርት ቤትን የማውቀው በአጥሩ ቀዳዳ በኩል ነው። እኛ ሰፈር ግን ይኸው ጥያቄ በሬዲዮ አልመጣም። ዳቦ ውስጥ ገብቶ፣ ቃሪያ ተጨምሮበት፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ መጣ።

ከአየር ጤና ወደ ቤቴል በሚወስደው መንገድ፣ ከታክሲው ሰልፍ ጀርባ፣ የእድራችን አዳራሽ አለ። አዳራሽ ማለቴ ለክብሩ ነው እንጂ ዝናብ ሲዘንብ ውጭ መቆም ይሻላል። እኔ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ነኝ። ሰው ሲሞት ጎህ ሳይቀድ ተነሥቼ በየቅያሱ የምለፍፈው እኔ ነኝ። አንድ ጊዜማ አጥብቄ ብነፋው ሟቹ ራሱ «ማን ሞተ?» ብሎ ሊነሣ ምንም አልቀረው። እድራችን ኦርቶዶክሱንም፣ ጴንጤውንም፣ ሙስሊሙንም ይቀብራል። ድንኳኑ አንድ ነው፤ ወንበሩም አንድ ነው። እግሯ የተሰበረችው ወንበር የምትደርሰው በዕድል እንጂ በሃይማኖት አይደለም።

ከአዳራሹ ጎን እድሩ የሚያከራያት አንዲት ክፍል አለች። እዚያች ክፍል ውስጥ እትዬ ብርቄ እንቁላል ትጠብሳለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ፣ እሱንም የለፈፍኩት እኔው ነኝ፣ ሁለት ሴት ልጆቿን የምታሳድገው በዚያች መጥበሻ ነው። ጠዋት ጠዋት ሾፌሩም ረዳቱም የጋራዡ ልጅም እሷ ደጅ ላይ ነው። እሷ ራሷ ግን ጾም የማታስቀር ሴት ነች፤ እንደ እኔ ግምት ቄሶቹ የደነገጉት አልበቃ ብሏት ሁለት ሦስት ከራሷ ጨምራበታለች። ስለዚህ ረቡዕና ዓርብ እንቁላሉን ትጠብሰዋለች እንጂ አትቀምሰውም። ጨዉ መብቃቱን ማን ይወቅላት? ጫላ ነዋ። ጫላ አጠገቧ ካለው ጋራዥ የሚሠራ መካኒክ ነው፤ የሰበታ ልጅ፣ ጴንጤ፣ ረቡዕን ከማክሰኞ ለይቶ የማያውቅ።

«ጫላዬ፣ እስቲ ቅመስልኝ» ትለዋለች።

እጁን በሱሪው ጠርጎ ይቀምሳል። «ትንሽ ጨው» ይላል። እሷ ጾማ፣ እሱ ቀምሶ፣ ሰፈሩ ሲበላ ስንት ዓመት ኖርን።

አሁን ጋሽ ወንድይራድ ይምጡ። ጋሽ ወንድይራድ የእድራችን ምክትል ሊቀመንበር ናቸው፤ ጡረተኛ፣ ደግ፣ ለተቸገረ ቀድመው የሚደርሱ ሰው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ወደ ኋላ ላይ ስለማማቸው ነው። አንድ ዓርብ ድንኳን ተጥሎ፣ ለቀስተኛው ሽሮውን ሲጠባበቅ፣ ከእትዬ ብርቄ ክፍል የእንቁላሉ ሽታ እየተንጎማለለ ገባ። ጋሽ ወንድይራድ «ፈተና ነው» ብለው ዐይናቸውን ጨፈኑ። አፍንጫቸውን ግን አልጨፈኑም።

በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ተነሥተው አዲስ አንቀጽ ይግባልኝ አሉ። ረቡዕና ዓርብ፣ በሌሎቹም አጽዋማት፣ በእድሩ ቤት የፍስክ ምግብ አይሸጥም።

«ጋሽ ወንድይራድ፣ እኔ እኮ አልጾምም» አለ ጫላ።

«አንተን ማን ጹም አለህ? አትብላ ነው ያልንህ።»

አዳራሹ ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም። «አትግደል ያለው ማነው? አትስረቅ ያለው ማነው? የመንግሥት ሕግ እነዚህን ሲደነግግ ሁላችሁም ዝም ብላችኋል። እንቁላል ላይ ስንደርስ ነው ሃይማኖት ለብቻው የሚሆነው?» አሉ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ይቺ ነገር አሳምናኝ ነበር። ሐጂ ከድር አፋቸውን እስኪከፍቱ ድረስ።

ሐጂ ከድር ባለሱቃችን ናቸው፤ ረጋ ብለው ነው የሚናገሩት። «መግደልና መስረቅ ሌላ ሰው ይጎዳል፤ እሱማ እኛም ጋ ሐራም ነው። ጫላ እንቁላል ቢበላ ማን ይጎዳል?» አሉ።

«እኔ» አሉ ጋሽ ወንድይራድ፤ «ይሸተኛል።»

ይሄኔ ጫላ እንደገና ተነሣ። «እንግዲያው የእኔም ቤተ ክርስቲያን የከለከለው ይጻፍልኝ። ጠላና አረቄ እድሩ ድንኳን ውስጥ ድርሽ እንዳይል።»

አዳራሹ ፀጥ አለ። የቀብር ፀጥታ አውቃለሁ፣ እንጀራዬ ነው፤ ይህኛው ግን ይብሳል። የጎጃሙም የሸዋውም ሽማግሌ ልጁን የቀሙት ያህል ደነገጠ።

«እሱ እንኳን ማክረር ነው» አሉ ጋሽ ወንድይራድ።

ድምፅ ተሰጠ። እኛ ጋ ኦርቶዶክሱ ስለሚበዛ አንቀጹ አለፈ፤ የጠላው ነገር ደግሞ ማንም እንዳልሰማው ሆነ። እትዬ ብርቄ ከኋላ ተቀምጣ የነጠላዋን ጫፍ ስታፍተለትል አየኋት። እጇን አላነሣችም፤ አልተቃወመችምም። ጾመኛ ሆና የጾምን ሕግ ምን ብላ ትቃወመው?

በማግስቱ ማለዳ አዲሱን ደንብ እንድለፍፍ ታዘዝኩ። መለፈፍ ከተባለ መሣሪያዬ አንድ ነው። ጎህ ሳይቀድ ጥሩምባዬን ብነፋው ሰፈሩ በሙሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ወጣ። አንዷማ ደረቷን እየደቃች ነው የወጣችው። ሐጂ ከድር ከሶላት ሲመለሱ አገኙኝና ክንዴን ያዙኝ።

«ማን ነው የሞተው?»

«እንቁላል» አልኳቸው። «ረቡዕ ይሞታል፣ ሐሙስ ይነሣል። ዓርብ መልሶ ይሞታል።»

ደረቷን የደቃችው ሴት ልትመታኝ እየተከተለችኝ እስከ ኮልፌ ገበያ ሮጥኩ። እሺ፣ እስከ ማዞሪያው።

ረቡዕ መጣ። የእትዬ ብርቄ መጥበሻ ግድግዳ ላይ ተሰቅላ ዋለች። ሻይ ብቻ አፈላች። ሾፌሩ መንገድ ተሻግሮ ሌላ ጋ በላ፤ እዚያ የለመደ እግር ደግሞ ሐሙስ ሲሆንም አልተመለሰም። ሁለት ሳምንት እንደዚህ ሆኖ ሳለ ዐቢይ ጾም ደረሰ፤ ወር አልፎ ሁለት ወር ሊሞላ ምንም የማይቀረው ጾም። «ክፍሏን ልለቅ ነው» አለችኝ አንድ ቀን፣ ብርጭቆ እያጠበች። «ትልቋን ልጄን ከትምህርት አስቀርቼ፣ እንጃ፣ ሰው ቤት በሠራተኝነት እንገባለን።» ቀልድ ፈለግኩ፣ አጣሁ። እኔ ቀልድ አጥቼ የማውቀው ጥርሴን ሲነቅሉኝ ብቻ ነው።

መላውን ያመጣው ጫላ ነው። «ዓሣ ጥበሺ» አላት። እሷም ለማስፈቀድ ኮሚቴው ፊት ቀረበች።

ምን ልበላችሁ፣ ያን ቀን የሆነው ጦርነት ነው። ከጎጃም የመጡት ተነሥተው፣ ጣና ዳር ያደገ ሰው ዓሣን የሚያየው እንደ ጎመን ነው፣ ዓሣ የጾም ነው አሉ። ጋሽ ወንድይራድ ደም ያለው ሁሉ ፍስክ ነው አሉ። አንዱ ዓሣ የሚፈቀድበትም የሚከለከልበትም ጾም አለ አለ። ሌላው የነፍስ አባቴ ፈቅደውልኛል ሲል፣ ያኛው የእኔ ከልክለውኛል አለ፤ ሲጣራ የሁለቱም የነፍስ አባት አንድ ሰው ሆነው ተገኙ። እንቁላሉን በአንድ ቀን የቀበረ እድር ዓሣው ላይ ሲደርስ ለሁለት ተሰነጠቀ። ጫላ በመስኮት አንገቱን አስግጎ፣ «መጀመሪያ እናንተ ተስማሙና ከዚያ እኔን ትከለክሉኛላችሁ» አለ። የሚሰማው አልነበረም።

እትዬ ብርቄ ቆማ ስታዳምጥ ቆየች።

«ጋሼ» አለች በመጨረሻ፤ «አንድ ነገር ልጠይቅዎት።»

«ጠይቂ ልጄ።»

«እስከ ዛሬ ረቡዕና ዓርብ ስጾም እንቁላሉ እፊቴ እየተንጫጫ፣ ሽታው አፍንጫዬ ሥር ሆኖ ነው። እየራበኝ እምቢ እለው ነበር። አሁን እንቁላሉን ወሰዳችሁት። ምኑን እምቢ ልበለው? ስጾም የምፈራው እግዚአብሔርን ነበር፤ እንግዲህ እድሩን ነው የምፈራው?»

ጋሽ ወንድይራድ ባርኔጣቸውን አውልቀው ውስጡን አዩት፤ መልሱ እዚያ ውስጥ ያለ ይመስል። ትልቅ ሰው ደግሞ «ተሳስቻለሁ» ብሎ ከአዳራሽ አይወጣም፤ በር ይከፈትለታል እንጂ። በሩን የከፈተላቸው ዓሣው ነው።

«የዓሣው ነገር» አሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው፤ «ሊቃውንት ተጠይቀው እስኪለይ ድረስ አንቀጹ በሙሉ ባለበት ይቆይ። ጎዶሎ ሕግ አናወጣም።»

ይኸው እስከ ዛሬ አልለየም። ሊቃውንቱን የሚጠይቅ ሰውም እስከ ዛሬ አልተመረጠም። የእኔ ሐሳብ ከተፈለገ፣ በዚህ አገር ስንቱን የማይዋኝ ዓሣ አድኖታል። እትዬ ብርቄ ትጠብሳለች፤ ልጇም ትምህርቷ ላይ ነች።

ጋሽ ወንድይራድስ? እሳቸው ዓርብ ዓርብ እዚያችው ክፍል ይመጣሉ። ባዶ ሻይ አዝዘው መጥበሻዋ አጠገብ፣ ሽታው ቀጥ ብሎ በሚመጣበት ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ጾማቸውን እያጸኑ ነው። ከእሷው ተምረው ነው፤ ይህን ግን በሕይወት እያሉ አያምኑም።

ባለፈው ዓርብ እኔም እዚያው ተቀምጬ ሳለ ጫላ መኪና ሥር ተኝቶ አልመጣ አለ።

«ማን ይቅመስልኝ?» አለች እትዬ ብርቄ፣ ጀርባዋን ሰጥታ ዳቦ እየቆረጠች።

«ጨው ያንሰዋል» አሉ ጋሽ ወንድይራድ።

ዘወር ብላ አየቻቸው። እሳቸው ግድግዳውን ያያሉ፤ አፋቸውንም በመሐረብ ጠረግ አደረጉ። «ከሽታው ነው ያወቅሁት» አሉ።

አፍንጫ ጨው እንደማይለይ እኔም አውቃለሁ፤ ያልተማርኩ ብሆንም። ቢሆንም ሻዬን ጠጣሁ። ጥሩምባዬ ወንበሩ ሥር ነበረች፤ አላነሣኋትም። እሷ የምትነፋው ሰው ሲሞት ነው።