ስለ ሀይሚ ኮምፒዩተር መብራት የተደረገ ታላቅ ርብርብ

ስሚኝማ የኔ ማር፣ ቆመሽ ከሆነ ቁጭ በይ። ይሄ ቆመው የሚሰሙት ነገር አይደለም። ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ላይ አንድ የተከበረ ቤተሰብ በአንዲት ሚጢጢ ማብሪያ ላይ ያካሄደው ታሪካዊ ዘመቻ ነው።

ሀይሚ ትምህርት ከመጨረሷ ሥራ ልትይዝ ነው፣ ታውቂያለሽ። ወሎ ሰፈር ያለ የሰርግ ቪዲዮ ቤት «ይሄን ሰርግ ኤዲት አድርጊና እሁድ እስከ ማታ አስራ ሁለት ላኪልን፤ ካማረ ሰኞ ትጀምሪያለሽ» ብሏታል። አባቷ ጋሽ ረታም ኮምፒዩተር ገዙላት። ያውም ጎኑ መስታወት የሆነ፣ ውስጡ ከለር የሚቀያይር መብራት ያለው፣ ናይት ክለብ የሚያስንቅ።

እሁድ ጠዋት ሳሎን ውስጥ ተሰካ። ተከፈተ። ፈጠነ። ሁሉ ሰላም። ኬዙ፣ ማለቴ ሳጥኑ፣ አናት ላይ ያለችውን የመብራት ማብሪያ ሲጫኗት ግን ወፍ የለም። ውስጡ ድቅድቅ።

«ችግር የለውም፣ ለዲኮር ነው» አለች ሀይሚ፣ ሰርጉን ልትከፍት እጇን ወደ ማውሱ እየሰደደች።

ጋሽ ረታ ማውሱን ቀሟት። እሳቸው መሥሪያ ቤታቸው ውስጥ ቡድን መሪ ናቸው። እቤት ሲገቡ ጫማቸውን ያወልቃሉ እንጂ መምራታቸውን አያወልቁም።

«ጉድለት ያለበትን ዕቃ ሥራ ላይ ማዋል ጉድለቱን ማጽደቅ ነው» አሉ። «ችግሩ ከሥር መሠረቱ እስኪፈታ ድረስ ማንም እንዳይነካው አቅጣጫ ተቀምጧል።»

«ማነው ያስቀመጠው አባዬ?»

«ተቀምጧል አልኩሽ እኮ!»

የብሎኩ ኮሚቴ ሊቀመንበር፣ ጋሽ አብዱልጀባር፣ ከታች ፎቅ በአስቸኳይ ተጠሩ። ቴስተራቸውን ደረት ኪሳቸው ላይ ሰክተው እንደ ሐኪም ገቡ። ኬዙን ዞሩት። መስታወቱን በጣታቸው አንኳኩት። ጆሯቸውን ለጠፉበት።

«አቶ ረታ፣ ወላሂ ይሄ የኃይል መሻማት ነው። ፍሪጁን ንቀሉት።»

ፍሪጁ ተነቀለ። አልበራም። ምጣዱም ቻርጀሩም ተነቀለ። ቀጥሎ ኬዙ ወደ መስኮቱ ዞረ፤ ኔትዎርክ እንዲያገኝ ነው አሉ። ጋሽ ረታ እፍ አሉበት። እናቷ እትዬ የሻሽወርቅ ደግሞ ድሮ ቴሌቪዥናቸውን ያደርጉት እንደነበረው በመዳፋቸው ጀርባውን ጠፈጠፉት።

«እስካሁን የተገኙት ውጤቶች አበረታች ናቸው» አሉ ጋሽ ረታ።

«ምን ተገኘ?» አለች ሀይሚ።

«ፍሪጁ እንዳልሆነ ተረጋግጧል!»

«አባዬ ሰዓቱ እየሄደ ነው። ደግሞ እዩት፣ አዲስ ሲሆን የሚመጣው ላስቲክ እኮ ማብሪያዋን እንዳለ ተጭኗታል። እንላጠው?»

የኔ ማር፣ እዚያ ቤት ላስቲክ አይላጥም። ሪሞቱ በላስቲክ ነው። ሶፋው በላስቲክ ነው፤ በሙቀት ጊዜ ከተቀመጥሽበት ስትነሺ ቆዳሽን አስቀርቶ ነው የሚለቅሽ። ፍሪጁማ ላስቲኩን ሳያወልቅ ነው ያረጀው።

«ከተላጠማ ያገለገለ ሆነ!» አሉ እትዬ የሻሽወርቅ ደረታቸውን ይዘው።

«ሱቁም አይቀይርልንም» አሉ ጋሽ ረታ። «የቀረበው ሐሳብ ስሜታዊ ስለሆነ ውድቅ ተደርጓል።»

ከምሳ በኋላ ሊቀመንበሩ የመጨረሻውን ቴክኒክ አመጡ፤ አውራ ጣት። «ቢስሚላህ» ብለው ባለ በሌለ ኃይላቸው ተጫኑ። ላስቲኩ ጨርርር ብሎ ተተረተረ። ማብሪያዋ ከሥሩ ብቅ አለች፤ ኬዙም ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ሆኖ ቦግ!

እልልታው ቀለጠ። ስለ ላስቲኩ ትንፍሽ ያለ የለም። ጋሽ ረታ ጉሮሯቸውን ጠርገው ተነሱ።

«ይህ ድል የተገኘው በተቀናጀ አመራርና በላቀ ትጋት ነው።»

«በጣቴም ነው» አሉ ጋሽ አብዱልጀባር።

«አሁን ልጀምር?» አለች ሀይሚ። አስር ሰዓት አልፏል።

«ምኑን?»

«ቪዲዮውን ነዋ! ሥራዬን!»

«በዚህ ላይ?» አባቷ ደነገጡ። «እንዲህ የሚያምር ነገር መኝታ ቤት ተደብቆ? እንግዳ ይየው እንጂ! ስልክ የለሽም እንዴ? ቀኑን ሙሉ ምኑን ነው የምትነካኪው?»

ኮምፒዩተሩ በክብር ቡፌው ውስጥ ገባ፣ ማንም ጠጥቶባቸው ከማያውቅ ብርጭቆዎች ጎን። ሀይሚ ቡፌው ሥር ምንጣፉ ላይ ተንበረከከች። ፊቷ አንዴ ቀይ፣ አንዴ አረንጓዴ እየሆነ፣ በተሰነጠቀ ስልኳ ሙሽራዋን ቆርጣ ቀጥላ፣ ለአስራ ሁለት ጥቂት ሲቀረው ላከች። «አሪፍ ነው፣ ሰኞ ነይ» ብለው መለሱላት።

በደስታ እየዘለለች ታሪኩን ከሀ እስከ ፐ ለጓደኛዋ ለሳጂዳ በቮይስ ላከችላት። ሳጂዳ ሰምታ ስትጨርስ የመለሰችው፣ አንድ ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ፣ ይሄን ነው፦

«ውይ ሀይሚዬ፣ ታዲያ ቡፌው ውስጥ አምፖል አያደርጉም ነበር?»