ቀፎውን በቀን አትንካ

ወንድ ልጅ ሚስቱ ፊት «አላውቅም» ከሚል ዛፍ ላይ ወጥቶ ቢወድቅ ይመርጣል። «የኔ ባል እንደሱ አይደለም» የምትይ ካለሽ... ባልሽ ገና ገመድ አላየም ማለት ነው።

እኔ አይቻለሁ። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ በዝውውር ቦንጋ ከመጣን ብዙም አልቆየንም። የምንኖረው ጡረታ የወጡ መምህር የጋሽ ገብረማርያም ግቢ፣ ከጓሮ ያለችው ሰርቪስ ቤት ውስጥ ነው። ባለቤቴ ሠናይት የማስተርስ ጽሑፏን ጨርሳ የቀራት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ፈታኞቿ አዲስ አበባ ሆነው እሷ ከዚህ በቪዲዮ ማቅረብ። «መስመሩ ከተቋረጠ እንግዲህ የሚቀጥለው ዓመት ነው» ብለዋታል። እንቅልፍ ያጣችበት ልፋት ሁሉ በአንድ «ሀሎ... ሀሎ... ይሰማል?» ውሃ ሊበላው ነው።

ኢንተርኔት ግቢያችን ውስጥ አለ። ያለው ግን ጋሼ ሳሎን ነው። ዋይፋዩ ከሳሎን ተነስቶ ግቢውን ያጋምስና መሃል ያለው ዋንዛ ዛፍ ሥር ሲደርስ ደክሞት ይመለሳል። የጋሼ ባለቤት እትዬ አስቴር ይህን ሰምተው «ምን ችግር አለው? እኛ ሳሎን ገብታ ትፈተን» አሉ። ሠናይት ደስ አላት። እኔ ግን...

«እንዴ! የሰው ሳሎን ዘግቶ መቀመጥ? ይሉኝታ የሚባል ነገር የለም?»

«እሳቸው ራሳቸው እኮ ናቸው ግቢ ያሉኝ!»

«ግቢ ማለት የሳቸው ወግ ነው። አልገባም ማለት ደግሞ የኛ።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ለኔ ተይው።»

አንባቢዬ፣ በትዳር ውስጥ ከዚህች ቃል የበለጠ ጉድ የምታፈላ የለችም።

ተስፋዬን የጣልኩት አንድ ገመድ ላይ ነው። ከኛ በፊት የነበረው ተከራይ የእግር ኳስ ሱሰኛ ነበር አሉ። ከጋሼ ዲሽ ለመካፈል ብሎ ከሳሎኑ አንድ ገመድ አውጥቶ፣ በዋንዛው ላይ አሳልፎ፣ መኝታ ቤታችን ድረስ አምጥቶታል። ጫፉ አሁንም ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሏል። አዲስ አበባ ያለው ጓደኛዬ መስፍን ደግሞ ኢንተርኔትን በዲሽ ገመድ የሚያሻግሩ ሁለት ትንንሽ ሳጥኖች እንዳሉ ነገረኝ። አንዱን ሳሎን፣ አንዱን መኝታ ቤት፣ መሃላቸው ገመዱ... አለቀ! ግድግዳ መብሳት የለ፣ አዲስ መስመር መዘርጋት የለ። ሳጥኖቹን በአውቶቡስ ላከልኝ። የደረሱኝ በፈተናው ዋዜማ ነበር።

ለጥንቃቄ ያህል ጋሼን ጠየቅኳቸው።

«ጋሼ፣ ያ የዲሽ ገመድ ደህና ነው?»

«እንዴት ያለ ጠንካራ ገመድ መሰለህ! ክረምቱን ሙሉ ቀፎውን የያዘው እሱ አይደል?»

ቀፎ! ሳሎናቸው ጥግ ዳንቴል ለብሶ የተቀመጠ የቤት ስልክ አለ። «ገመዱ ስልክም ያስኬዳል ማለት ነው!» አልኩና ልቤ ሞላ። ድምፅ የተሸከመ ገመድ ኢንተርኔት አያቅተውም።

«እኔም ልጠቀምበት አስቤ ነበር፣ ከፈቀዱልኝ።»

«ተጠቀም፣ ምን ገዶኝ! ብቻ ቀፎውን በቀን እንዳትነካው።»

«ኧረ ምን ቆርጦኝ!»

በቀን ልጆቻቸው ይደውሉላቸው ይሆናል አልኩ በሆዴ። እናንተ የካፋ ሰዎች ሳቃችሁን እንደጀመራችሁ አውቃለሁ። ምን ላድርግ? እኔ ቀፎ ሲባል ኪሴን የምዳብስ ሰው ነኝ። ግቢው ውስጥ ንብ ሲዞር አይቻለሁ፣ አልዋሽም። ግን ቦንጋ ላይ ንብ ማየት ምን ይገርማል?

በማግስቱ ረፋድ ላይ አንዱን ሳጥን ሳሎን ካለው ራውተር ጋር አገናኘሁ። ሌላውን መኝታ ቤት ሰካሁ። ሠናይት ላፕቶፗን አቅፋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ከወገብ በላይ ምሁር፣ ከወገብ በታች ነጠላ ጫማ። የሳጥኑ መብራት ሊበራ ነው... አሁን ነው... ጭጭ!

«ሠራ?»

«እየመጣ ነው።»

«ከሺሺንዳ ከተማ በእግሩ ነው እንዴ የሚመጣው? አንተ ሰውዬ፣ ሳሎን ልሂድ!»

«ምን አስቸኮለሽ?»

ወጣሁና ገመዱን በዓይኔ ተከተልኩት። ከሳሎን ወጥቶ ዋንዛው ቅጠል ውስጥ ይገባል። በወዲህ በኩል ከቅጠሉ ወጥቶ ወደ እኛ ይመጣል። አንድ ገመድ ገብቶ አንድ ገመድ ከወጣ ያው ገመድ ነው፤ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ የገባና የወጣ ሲመጣጠን ሌላ ነገር አልጠይቅም። ያለ ጥርጥር ቅጠሉ ውስጥ የሆነ ቦታ ላልቷል። ወጠር ባደርገው ይስተካከላል!

ሳብ አደረግኩት። እምቢ አለ። እግሬን ግንዱ ላይ ተክዬ ባለ በሌለ ኃይሌ ጎተትኩት።

ከላይ አንድ ነገር ቋ አለ። ቅጠሉ ተከፈተና በሐረግ የተጠፈረ፣ ረጅም፣ ድብልብል ነገር እየተንደረደረ ወርዶ አጠገቤ... ዱብ! ገመዱ እጄ ላይ ነው፤ ጫፉ የድብልብሉ ወገብ ላይ ተጠምጥሟል። ከዚያ ግንኙነቱ ተጀመረ። ያውም ያለ ገመድ!

የመጀመሪያዋ ንብ ቅንድቤን አገኘችኝ፣ ሁለተኛዋ ከንፈሬን። ከዚያ በኋላ ያሉትን ተራ አላስያዝኳቸውም። «ሠናይት፣ ሩጪ!» አልኩ። ላፕቶፗን እንዳቀፈች በነጠላ ጫማዋ ወጣች። የኛን በር ወዲያው ወረሩት። ክፍት የነበረው የሳሎኑ በር ብቻ ነው፤ ተያይዘን ዘው አልን። እትዬ አስቴር ከኋላችን ዘግተው በበሩ ሥር ፎጣ ጎሰጎሱ።

ጋሼ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ አዩኝ።

«ቀፎውን በቀን አትንካ አላልኩህም?»

«ስልኩን መስሎኝ ነው ጋሼ!»

«የቱን ስልክ? እሱማ ከሞተ ስንት ዘመኑ!»

ለካ ያ ተከራይ ሲለቅ ጋሼ ገመዱን መሃሉ ላይ ቆርጠው፣ በኛ በኩል ያለውን ጫፍ የንብ ቀፎ ማሰሪያ አድርገውታል። ልጥ ይበሰብሳል፣ የዲሽ ገመድ ግን ዝናብ አይፈራም። የቦንጋን ዝናብ የሚያውቅ አይፈርድባቸውም። እኔ ደግሞ ላም አለኝ በሰማይ እያልኩ ዋንዛ ላይ መስመር ስጠብቅ ነበር።

ሰዓቷ ደረሰ። ወጥቶ የሚመለስ ጀግና አልተገኘም። ሠናይት እዚያው ሳሎን ጠረጴዛ ላይ፣ ራውተሩ ክንዷ ሥር ሆኖ፣ ላፕቶፗን ከፈተች። ምስሉ ጥርት፣ ድምፁ ኩልል! እኔ ከሶፋው ጀርባ ተደብቄ እትዬ አስቴር ፊቴን በሽንኩርት ያሹኛል። መሃል ላይ አንዱ ፈታኝ አቋረጧት።

«ይቺ የምሰማት ጥዝዝታ ምንድን ናት?»

ንቦቹ ናቸው፤ መስኮቱን ከውጭ ሸፍነውታል። ሠናይት ዓይኗን አላሸችም።

«ኔትወርኩ ነው መምህር፣ ይቅርታ።»

«አይ ኔትወርክ!» አሉና አዘኑላት።

የግቢያችን ኔትወርክ ከተወለደ እንደዚያ ቀን ሠርቶ አያውቅም። ስሙ የጠፋውም በዚያው ቀን ነው።

አለፈች! ያውም ተመስግና። ከሶፋው ጀርባ አለቀስኩ፣ አልደብቃችሁም። ምን ያህሉ የደስታ፣ ምን ያህሉ የንብ፣ ምን ያህሉ የሽንኩርት እንደሆነ ግን ሒሳብ ሠራተኛም ብሆን መለየት አልቻልኩም።

አመሻሹ ላይ ጋሼ በጭስ ንቦቹን አረጋግተው ቀፎውን ወደ ቦታው መለሱ፤ በዚያው ገመድ። ሲገቡ ነቅዬ የሰበሰብኳቸውን ሳጥኖቼን አገላብጠው አዩ።

«እነዚህ ምን ያደርጋሉ አልከኝ?»

«ኢንተርኔቱን ከሳሎን ወደ ሰርቪስ ያሻግራሉ ተብሎ ነበር።»

«ግዴለም፣ ሰውም ከሰርቪስ ወደ ሳሎን ያሻግራሉ» አሉኝ።

ቤት እንደገባሁ መስፍን ደወለ።

«እሺ ጌታው፣ ሠራልህ?»

«ተወኝ ባክህ፣ ቀፎ ወደቀብኝ።»

«ውይ! ስክሪኑስ ተረፈ?»

መስታወቱ ፊት ቆሜ ነበር። በተከፈተችው አንድ ዓይኔ አየሁት።

«አብጧል» አልኩት።