ምልምሎች የሚባሉት እነማን እንደሆኑ ስለመወሰን

ቀንና ሰዓት፦ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት
ቦታ፦ የመኖሪያ ሕንፃው ምድር ቤት፣ የውሃ ፓምፑ አጠገብ
ምልዓተ ጉባኤ፦ ከሰባት የኮሚቴ አባላት አምስቱ ስለተገኙ ተሟልቷል።

የተገኙ፦ ሰብሳቢው (ጡረተኛ መምህር)፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ ነርሷ፣ «ደንብ ይከበር» የሚባለው የሦስተኛ ፎቅ ነዋሪ እና ጸሐፊው (ሳይጠየቅ የተመረጠ)።
በአስረጂነት፦ የግቢው ጥበቃ።

አጀንዳ 1፦ የጥበቃው አቤቱታ
ጥበቃው ጉልበታቸው አልታዘዝ እንዳላቸው፣ ረዳት ካላገኙ ወደ ልጃቸው ቤት እንደሚሄዱ አመለከቱ። ሰብሳቢው «ኧረ ጋሼ፣ እርስዎማ ምሰሷችን ነዎት!» አሉ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሆነም አስታወሱ። ሎሚውን የሚያነሳ ግን አልተገኘም።

አጀንዳ 2፦ ኮሚቴው የለጠፈውን «ምልምሎች ሰኞ ለጥበቃ ሥራ ይቀርባሉ» የሚለውን ማስታወቂያ ስለማብራራት
ነዋሪው ሁሉ ማስታወቂያውን አንብቦ ወደ ጎረቤቱ እንደሚያይ ተገለጸ። ሰብሳቢው ምልምሎች ማለት ለአንድ ሥራ ከብዙዎች መካከል ተመርጠው የሚገቡ ሰዎች እንደሆኑ፣ ወዶ ገባም ሆነ ተገዶ የመጣ በቃሉ እንደሚጠራ አስረዱ። መራጩ ግን በምንም ተአምር ምልምል እንደማይሆን፣ መራጩም ይህ ኮሚቴ መሆኑን አሰመሩበት።

ፀጉር አስተካካዩ ምልምል የሚባለው ጎረምሳ ብቻ እንደሆነ፣ የእሱ ልጅ ግን ለፈተና እየተዘጋጀ ስለሆነ እንደ ጎረምሳ መቆጠር እንደሌለበት ተናገረ። ነርሷ «የምን ፈተና? ትናንት በኳስ መስኮቴን የሰበረው ማን ሆነና!» ማለቷ እንዲመዘገብ ጠይቃ ተመዝግቧል። «ደንብ ይከበር» በበኩሉ ቃሉ የብዙ ቁጥር ስለሆነ፣ እሱ ደግሞ ብቻውን የሚኖር ስለሆነ አይመለከተኝም አለ። ጸሐፊው ጥበቃው አሁንም እንደቆሙ ለማሳሰብ እጁን ቢያወጣም ዕድል አልተሰጠውም።

ከረጅም ውይይት በኋላ የሚከተለው በሙሉ ድምፅ ተወሰነ፦
ሀ) ምልምሎች ማለት በዚህ ስብሰባ ላይ ያልተገኙ ነዋሪዎች ናቸው።
ለ) ልጆቻቸውም ይጨመራሉ። የእኛ ልጆች አይጨመሩም።
ሐ) ምልምሎቹ ሥራውን እስኪለምዱ ጥበቃው እንደወትሮው ይቀጥላሉ።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ
ጥበቃው የግቢውን በር ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው «እናንተ ስትተረጉሙ እኔ አረጀሁ፣ ልጆቼ። ደህና ሁኑ» ብለው ወጡ። ጸሐፊው በጣም አፍሯል፤ ይህም ይመዝገብ ያለው ራሱ ነው። ወዲያው በሩ እንዲከፈትለት የሚጠይቅ የመኪና ጥሩምባ ከውጭ ተሰማ። አምስታችንም ቁልፉን አየነው እንጂ የነካው አልነበረም። ጥሩምባው ግን አላቆመም።

ስለዚህ ከላይ የተወሰነው ሁሉ ተሽሮ፣ ምልምሎች ማለት በዚህ ክፍል ውስጥ ያለን ሰዎች እንደሆንን ተወስኗል። የመጀመሪያው ተረኛ ጸሐፊው እንዲሆን አራቱ ምልምሎች በሙሉ ድምፅ ከወሰኑ በኋላ ስብሰባው አሥር ሰዓት ላይ ተበትኗል።