ለዘንዶ የተተከለ ድንኳን

ከሁሉ አስቀድሜ ለሥነ ጽሑፍ ዕድገት ላበረከትኩት ከፍተኛ አስተዋጽኦ ራሴን ማመስገን እወዳለሁ። ሌላ ሰው ያመሰግነኛል ብዬ ስድስት ዓመት ጠብቄአለሁ፤ ሁሉም ሥራ በዝቶበት ይመስለኛል።

ስሜ ኦሊቃ ይባላል። አምቦ ውስጥ ስሙን በማልጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ በሰፈራችን እድርም በጸሐፊነት አገለግላለሁ። ጥሪዬ ግን ሌላ ነው። እኔ ቴሌግራም ላይ ፋንፊክሽን እጽፋለሁ። ለማያውቁት ላስረዳ፦ ፋንፊክሽን ማለት ሌላ ሰው አስቦና ደክሞ የፈጠራቸውን ገጸ ባሕርያት ሳያስፈቅዱ ተውሶ የራስን ታሪክ መጻፍ ነው። የእኔ ደግሞ ድብልቅ ነው። ንግሥቲቱን ከአንድ የፈረንጅ መጽሐፍ፣ ጠንቋዩን ከአንድ ፊልም፣ ግራቮን የተባለውን ክንፋም ዘንዶ ከአንድ የስልክ ጌም አመጣሁና ሦስቱንም ደንዲ ሐይቅ ዳር አሰፈርኳቸው። ቅናተኞች «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይላሉ። እኔ ግን ደምቄአለሁ፤ አርባ ሁለት ተከታታይ ነበረኝ።

ተሰጥኦዬ በተለይ ሐዘን ላይ ነው። ንግሥቲቱን ሦስት ጊዜ መበለት አድርጌአታለሁ። ጠንቋዩ እናቱን በምዕራፍ ዘጠኝ ቀበረ፤ እኔ ረስቼው በምዕራፍ ሃያ ሁለት እንደገና ቀበራት፤ አንባቢዎቼ ሁለቱንም ጊዜ አለቀሱ። በየምዕራፉ ግርጌ የሚነኩ ሦስት ምልክቶች አስቀምጫለሁ፤ የልብ፣ የሳቅና የዕንባ። እኔ የምቆጥረው ዕንባውን ብቻ ነው። ሳቅ ማንም ያስቃል።

ነቢይ በአገሩ አይከበርም እንደሚባለው ባለቤቴ ሃዋኒ ብቻ አላለቀሰችልኝም። ሃዋኒ የጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ ሞትን በየቀኑ ስለምታየው ለሞት የነበራት የጥበብ ስሜት ደንዝዟል። ምዕራፍ አርባ አንድን፣ ማለትም ግራቮን የሚሞትበትን፣ ገና ሳላወጣው አስነበብኳት። ጨርሳ ስልኩን መለሰችልኝ።

«ታዲያስ?» አልኳት።

«ምን ሆኖ ነው የሞተው?»

«ልቡ ተሰብሮ ነዋ! ንግሥቲቱ ከድታው።»

«ስንት ዓመቱ ነው?»

«ዘጠኝ መቶ።»

«ዘጠኝ መቶ! ታዲያ ምን ቀረው?» አለችና ተነሥታ ጫማዋን ማሰር ጀመረች። «ይልቅ ወይዘሮ እንቁ በጣም ታመዋል። ኩላሊታቸው ነው። አጥር ለአጥር ሆነህ ወር ሙሉ አልጠየቅሃቸውም። አስተማሪህ አልነበሩም እንዴ?»

ነበሩ። በእኛ ትምህርት ቤት አማርኛ በሚጀመርበት አምስተኛ ክፍል ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። ሆኖም «ምዕራፉን ላውጣና እሄዳለሁ» አልኳት። ደራሲ ሐዘኑን እዚህም እዚያም ማባከን የለበትም።

ለነገሩ ስለዚህ ሞት አስቀድሞ አቤቱታ ቀርቦልኝ ነበር። በምዕራፍ አርባ ዘንዶው እንደታመመ ስጽፍ፣ ራሱን «ተማሪ» ብሎ የሰየመ ተከታታይ መልእክት ላከልኝ። ይህ ሰው በአምስት ዓመት አንድ ቃል ተናግሮ አያውቅም፤ ዕንባውን ግን አንድም ምዕራፍ አስታጉሎ አያውቅም። «ደራሲ ሆይ፣ እባክህ፣ ማሎ፣ ዘንዶውን አትግደለው። አልጋ ላይ ሆነው የሚያነቡህ አሉ» ይላል።

እኔም በአባትነት ትዕግሥት መለስኩለት፦ «ውድ ተማሪ፣ ታላቅ ሥነ ጽሑፍ ያለ ሞት አይቆምም። ስታድግ ይገባሃል። ለአማርኛህም ትኩረት ስጥ።»

ሐሙስ ምዕራፉ ወጣ። እስከ ማግስቱ ጠዋት አርባ አንድ ዕንባ ተቆጠረ። የጎደለው የተማሪ ብቻ ነበር፤ ኔትወርክ ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

አርብ ረፋድ ላይ ልዩ የምትባለው የአንባቢዎቼ አስተባባሪ ደወለችልኝ። ልዩ በጊንጪ ከተማ የፊዚክስ መምህርት ናት። ድምጿ በለቅሶ ሰልሏል።

«ጋሼ፣ እንዲህ አድርገህ ገድለኸው ዝም ብለን አንቀመጥም። ነገ ሐይቁ ዳር ለቅሶ እንቀመጥለታለን።»

«ለግራቮን?»

«ለግራቮን። አይሱዙ አግኝተናል። ችግሩ ሐምሌ ነው፤ ድንኳን የለንም።»

እዚህ ላይ ታሪክ በሬን አንኳኳች። የእድራችን ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበሮች፣ እንዲሁም የዕቃ ቤቱ ቁልፍ በማን እጅ ናቸው? በጸሐፊው። መተዳደሪያ ደንባችን «ድንኳኑ ያለ ሞት ከዕቃ ቤት አይወጣም» ይላል። ሞት አለ። ደንቡ የሟቹን ዓይነት አልዘረዘረም። ስለዚህ የወጪ መዝገቡን ከፍቼ በጥሩ እጅ ጽሕፈት ሞላሁት። የሟች ስም፦ ግራቮን። ዕድሜ፦ ዘጠኝ መቶ። ከአባሉ ጋር ያለው ዝምድና፦ ልጅ። መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ባዶ ቦታ አይተውም።

ቅዳሜ ገና ጎህ ሲቀድ ጭነን ሄድን። ሦስት ሰዓት ላይ ድንኳኑ ደንዲ ሐይቅ ዳር ተተከለ፤ ሠላሳ አንድ አንባቢ ጥቁር ለብሶ ተቀመጠ። የአካባቢው ገበሬዎችም ለቅሶ አይተው ማለፍ ነውር ነውና እየገቡ ተቀመጡ። አንድ ጎልማሳ ገበሬ ባርኔጣውን አውልቆ ወደ ልዩ ጠጋ አለ።

«ሟች ማን ናቸው?»

«ግራቮን ይባላል።»

«የዚህ አገር ሰው ናቸው?»

«አይደለም። ከሩቅ የመጣ ነው።»

«አዪ! በሰው አገር መሞት!» አለና ከሁላችንም አብልጦ አለቀሰ። እኔ ያንን ለቅሶ ለራሴ መዘገብኩት፤ ሳያነብ ያለቀሰ የመጀመሪያው አንባቢዬ ነበር።

ንግግር ለማድረግ ቆሜ «የሐዘን ጥልቀት የሥልጣኔ መለኪያ ነው» ከሚለው እንደደረስኩ ስልኬ ጮኸ። የእድራችን ዳኛ ኦቦ ፉፋ ነበሩ።

«ኦሊቃ! የዕቃ ቤቱ ቁልፍ የታለ?»

«ከእኔ ጋር ነው ኦቦ ፉፋ። ምነው?»

«ወይዘሮ እንቁ አንድ ሰዓት ላይ አርፈዋል። ጡሩምባ ተነፍቶ ሰው ሁሉ ዝናብ ላይ ቆሟል። ቶሎ በል፣ ድንኳኑን አውጣ!»

«ድንኳኑ... ድንኳኑ ለቅሶ ላይ ነው።»

«የማን ለቅሶ? እኔ ሳልሰማ የሞተ አባል አለ?»

«አባል አይደለም። ዘንዶ ነው።»

በስልኩ ውስጥ የጡሩምባው ድምፅ ተሰማኝ።

«ጠጥተሃል?»

«አልጠጣሁም።»

«እንግዲያው የባሰ ነው» አሉና ዘጉት።

ድንኳኑን ከለቀስተኞቹ ራስ ላይ ነቀልኩት። ልዩ ተቆጣች፤ ያ ገበሬ ግን ካስማውን ነቅሎ አብሮኝ ጫነ። መንገዱ ጭቃ ነበር፤ አይሱዙው ሁለት ጊዜ ተያዘ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የምትባለው ሴትዮ ያን ቀን ጋቢና ውስጥ ተቀምጣ ወደ አምቦ ትጓዝ ነበር። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ስንደርስ ወይዘሮ እንቁ ተቀብረዋል። ሰፈሩ በሙሉ ከቀብር ተመልሶ በየቆርቆሮው ጠርዝ ሥር ተኮራምቷል፤ ሴቶቹ ፌስታል ራሳቸው ላይ አድርገዋል። ወንበሮቹንም እኔ ወስጄአቸው ስለነበር የወይዘሮ እንቁ ባል ኦቦ ተሬፋ አሮጌ የመኪና ጎማ ላይ ተቀምጠዋል። አርባ ዓመት በጌዶና በነቀምት መስመር የጭነት መኪና የነዱ ሰው ናቸው። ጋቢያቸው ውኃ ይንጠባጠባል።

ኦቦ ፉፋ ሕዝቡ መካከል ቆመው «ጸሐፊው ያስረዳ» አሉ።

ንግሥት ሦስት ጊዜ መበለት ያደረገው ብዕር አንድ ዓረፍተ ነገር አጣ። ኋላ ሆኖ አንድ ሰው «ለዘንዶ ነው የወሰደው! መዝገቡ ላይ አይተናል!» ብሎ ጮኸ።

ኦቦ ተሬፋ ቀና አሉ። «ለግራቮን?»

ሁሉም ወደ እሳቸው ዞረ። «ያውቁታል እንዴ?» አሏቸው ኦቦ ፉፋ።

«እንዴት አላውቀው? እንቁ አይደለች የምታነበው? አምስት ዓመት! እሷ በአማርኛ ታነባለች፣ ለእኔ ወደ አፋን ኦሮሞ ትመልስልኛለች። ስልኩ ላይ ስሟን 'ተማሪ' ብላ ጻፈች። 'ያስተማርኩት ልጅ ነው፤ አሁን ደግሞ ተራው የእሱ ነው' ትለኝ ነበር።»

«ለአማርኛህም ትኩረት ስጥ» ብዬ የጻፍኩት ለማን እንደነበር ያኔ ገባኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«'ዘንዶውን አትግደለው' ብላ ከጻፈችለት በኋላ ዓይኗ ደከመ፤ ከዚያ ወዲህ የማነበው እኔ ነኝ፤ ቀስ እያልኩ» አሉ ኦቦ ተሬፋ። «ሐሙስ የመጣውን ግን ቀድሜ አየሁት። ለካ ይሞታል። ምን ላድርግ? ስልኩን ይዤ፣ የማነብ መስዬ፣ የራሴን ነገርኳት።»

«ምን ብለው?» አልኩ። ከመጣሁ የተናገርኩት የመጀመሪያ ቃል ይኸው ነበር።

«ክንፉ ታሞ በእግሩ ወደ ጌዶ ሲሄድ እኔ በመኪናዬ አገኘሁት አልኳት። 'ና ውጣ' አልኩት፤ ጫንኩት። ጭራው ግን ከኋላ ወጥቶ መንገዱን ይጠርጋል። ትራፊክ አስቆመን።»

«እሺ፣ ትራፊኩስ?» አሉ ኦቦ ፉፋ ሳያስቡት።

«'ትርፍ ጭነት ነው፣ ጭራው ይውረድ' አለ። እንቁ ሳቀች። ከታመመች ወዲህ የሳቀችው ያን ቀን ነው። 'ከዚያስ?' አለችኝ። ጌዶ ስንደርስ ዳነ አልኳት። እሺ ብላ ተኛች።»

ያኔ አለቀስኩ። ስድስት ዓመት ሰው ሳስለቅስ የኖርኩት ሰውዬ፣ ዕንባ ሲመጣ አፍንጫም አብሮ እንደሚፈስ ያወቅሁት ያን ዕለት ነው፤ በአርባ አንድ ምዕራፍ አንድ ጊዜ እንኳ አልጻፍኩትም። ሃዋኒ መጥታ አጠገቤ ቆመች።

«ስንት ዓመታቸው ነበር?» አልኳት።

«ስልሳ ሰባት።»

«ትንሽ ነው» አልኩ። መሐረቧን ሰጠችኝ።

እድሩ አስቸኳይ ስብሰባ ጠርቶ በሙሉ ድምፅ ወሰነ። ከጸሐፊነት ተሻርኩ፤ ቁልፉ ተወሰደብኝ፤ ለአንድ ዓመት በማናቸውም ለቅሶ ድንኳኑን የምተክለውና የምነቅለው እኔ ሆንኩ። ደንቡም ተሻሽሎ «ሟች ማለት ሰው ነው» የሚል አዲስ አንቀጽ ገባበት። በሕግ ላይ አሻራውን የተወ ደራሲ ብዙ አይደለም።

በሠልስቱ ወንበር ስደረድር ኦቦ ተሬፋ ጠሩኝ። ይቆጡኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

«ኦሊቃ፣ ማሎ፣ ለአርባዋ ዘንዶውን አድንልኝ» አሉ። «የነገርኳት ውሸት ሆኖ እንዳይቀር።»

ምዕራፍ አርባ ሁለትን ጻፍኩ። ዘንዶው፣ የጭነት መኪናው፣ ትራፊኩ፣ ትርፍ ጭነቱ፣ ሁሉም እንደነገሩኝ ገባ። በወጣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ልዩ ደወለች።

«ጋሼ፣ ጥቁር ለብሰን ያለቀስንለትን ሞት እንዴት ትሽራለህ? ይኼ በሐዘናችን መቀለድ ነው! ደግሞ ያን የሚያህል ዘንዶ በአንድ መኪና አይጫንም፤ አክስሉ ይሰበራል።»

«ሲበር እኮ ምንም አላልሽም» አልኳት።

«መብረር ሌላ ነው!» አለችና ከቴሌግራም ገጼ ወጣች። ሌሎቹም ተከተሏት። ሳምንት ሳይሞላ አርባ አንዱም ሄደው አንድ ተከታታይ ቀረልኝ፤ ተማሪ።

አሁን በየሐሙሱ ለአንድ ሰው እጽፋለሁ። ቀስ ብሎ ስለሚያነብ ምልክቱ የሚመጣው ቅዳሜ ገደማ ነው፤ ሁልጊዜም የሳቅ ነው። የኦቦ ተሬፋ ጣት ወፍራም ነው፤ ምልክቶቹም ተጠጋግተው ነው የተቀመጡት፤ ዕንባውን ፈልገው እየሳቱ እንደሆነ አላውቅም፤ ጠይቄአቸውም አላውቅም። ባለፈው ሳምንት ግን ከምልክቱ ጋር መልእክት ላኩልኝ። ስልኩ ውስጥ የቆየውን የድሮ መልእክቴን አግኝተውት ኖሯል።

«ጥሩ ነው» ይላል። «ለአማርኛህም ትኩረት ስጥ።»