ኦርቪል ወደ መንደሩ ተመለሰ

(ሰሜን ዳኮታ፣ በረዶ የቀለጠ ሰሞን። ኢንግቫር በረቱ ውስጥ ላም ያልባል። ጎረቤቱ ኦርቪል፣ ለአሥራ ስድስት ዓመት የግዛቱ ምክር ቤት አባል የሆነው ገበሬ፣ በሙሉ ልብስ አጠገቡ ቆሟል። ላሟ የከረባቱን ጫፍ ታኝካለች።)

ኦርቪል፦ ልቀቂው በላት እንጂ።

ኢንግቫር፦ ከረባት አስሮ በረት የገባው አንተ፣ የምትቆጣው ላሟን?

ኦርቪል፦ ሥነ ሥርዓት የላትም። ምክር ቤት ውስጥ እንዲህ ያለው ይባረራል።

ኢንግቫር፦ ታዲያ ካባረርካት ወተቱን ማን ይሰጠኛል? ቀስ ብለህ ሳበው። (ከረባቱ ይወጣል።) በል፣ ምን እግር ጣለህ?

ኦርቪል፦ በቃኝ ልልህ ነው። ከእንግዲህ አልወዳደርም። የበረዶውን ወራት ሁሉ እዚሁ አብሬያችሁ ነኝ።

(የኢንግቫር እጅ የላሟ ጡት ላይ ይቆማል።)

ኢንግቫር፦ አትቀልድ።

ኦርቪል፦ ደነገጥክ አይደል? እንደምትወዱኝ አውቃለሁ።

ኢንግቫር፦ አገሩን ለማን ትተህ? ያቺ ሕግህስ?

ኦርቪል፦ የትኛዋ?

ኢንግቫር፦ ስንት አለችህና? የፖስታ ሣጥኗ።

ኦርቪል፦ አዎ፣ የፖስታ ሣጥን ከመንገድ ምን ያህል እንደሚርቅ ያስወሰንኩት እኔ ነኝ።

ኢንግቫር፦ በሷ የተነሳ የኔ ሣጥን ቦይ ውስጥ ቆሟል፤ ደብዳቤዬን በቦት ጫማ ገብቼ ነው የማወጣው። ግን ቅር አላለኝም። ገና ስንት የሚነቀል ሣጥን አለ፣ ተወዳደር።

ኦርቪል፦ አይሆንም። ደግሞ ማረሻህን ሳየው አልወደድኩትም። ነገ መጥቼ እፈታልሃለሁ።

ኢንግቫር፦ (ባልዲውን ያስቀምጣል።) ኦርቪል፣ ተቀመጥ። መጀመሪያ እጩ ያደረገህ ማን ነው?

ኦርቪል፦ አንተ ነሃ። ብልህነቴን አይተህ።

ኢንግቫር፦ የምን ብልህነት። ያኔ በበረዶው ወራት የመንደሩን ትራክተር ሁሉ እጠግናለሁ ብለህ ፈታታኸው። የማን ብሎን የማን እንደሆነ ጠፋን። መዝሪያው ደረሰ፣ ትራክተር የለም። ተሰበሰብንና ይሄን ሰው ሳናስቀይም እንዴት እናርቀው አልን። ምክር ቤቱ ደግሞ የሚሰበሰበው በበረዶው ወራት ነው።

ኦርቪል፦ ስለዚህ ድምፅ የሰጣችሁኝ...

ኢንግቫር፦ እንድትሄድልን ነው። ይቅርታ አድርግልኝ ወንድሜ። አሁንም ስለ መንደሩ ብለህ ሂድ።

(ኦርቪል የታኘከውን ከረባቱን ይፈታል።)

ኦርቪል፦ ዘግይተሃል። እሑድ በቤተ ክርስቲያኑ ምሳ ላይ ተተኪ እጩ ተመረጠ።

ኢንግቫር፦ እኔ ላም ሳዋልድ ቀረሁ። ማን ተመረጠ?

ኦርቪል፦ አንተ።

ኢንግቫር፦ እኔ? እኔ ምን አውቃለሁ?

ኦርቪል፦ እኔም ሰዉ ይህንኑ ይላል ብዬ ፈርቼ ነበር። ስምህን ስጠራ ግን ሁሉም የፓይ ኬኩን ትቶ ተነሥቶ አጨበጨበ። እንዲህ ይወዱታል እንዴ ብዬ ቀናሁብህ። አሁን ስታስረዳኝ ነው የገባኝ።

ኢንግቫር፦ ምን አድርጌያቸው ነው?

ኦርቪል፦ እሱን አልተናገሩም። አጨበጨቡ ብቻ።

ኢንግቫር፦ ቀድሞ የተነሣው ማን ነው?

ኦርቪል፦ ሚስትህ ጄርዳ።

ኢንግቫር፦ (ድምፁ ይቀንሳል።) ምርጫው እኮ ገና የሚቀጥለው ዓመት ነው።

ኦርቪል፦ እኔም እንደሱ አልኳት። እሷ ግን ሻንጣህን በረንዳ ላይ አውጥታዋለች።