ሁለቱ ዱላዎች

ታላቅ ወንድሜ ዳዊት የመጨረሻዋን ቅዳሜ ስለ ሁለት መስመር ሲከራከር ዋለ። ምልክት መራጭ ሰው ቤታችሁ ኖሮ ያውቃል? ዳዊት ቤልቪው ከተማ የሚሠራ ፕሮግራመር ነበር፤ በትርፍ ጊዜው የሰፈራችን ልጆች በአማርኛ ኮድ የሚጽፉበት የኮምፒውተር ቋንቋ ይሠራ ነበር። እንዲህ ያለው ሰው ለአንድ ምልክት የሚጨነቀውን ያህል፣ ለልጁ ስም የሚጨነቅ አባት አላየሁም።

ከቤልቪው ብዙ በማይርቀው ዴ ሞይን ከተማ ባለው ቤታችን ምሳ በልተን ሸንጎ ተቀመጥን። እማዬ የዳዊት ላፕቶፕ ስክሪን ላይ ጎን ለጎን የቆሙትን ሁለት መስመሮች አየች።

«እነዚህ ዱላዎች ምንድን ናቸው?»

«ወይም ማለት ናቸው፣ እማ። ሻይ ወይም ወተት እንደምትዪው።»

«እኔ ሻይ ወይም ወተት ስል ዱላ አነሳለሁ?»

«የድሮዎቹ ሰዎች ኪቦርዱ ላይ ያገኙትን ነው የወሰዱት።»

«ያንተ ኪቦርድ የአማርኛ ፊደል አለው አይደል? ለልጆቹ ‹ወይም› ብለህ ጻፍላቸው።»

ዳዊት ጠበቃ ፍለጋ ወደ እኔ ዞረ። እኔም ከእማዬ ጋር ወገንኩ።

«ኦኬ፣ ተሸነፍኩ። ነገ ማታ እቀይርልሻለሁ» አላት።

እሁድ ከሰዓት ከታኮማ ሲመለስ በመኪና አደጋ ሞተ።

ሰኞ ጠዋት ቤቱ በለቀስተኛ ሲሞላ ላፕቶፑን ከፈትኩ። ትምህርቴ ከሃይስኩል አያልፍም፤ እሱ ያሳየኝን እያስታወስኩ ዱላዎቹን ፈልጌ አጠፋሁና በቦታቸው «ወይም» ብዬ ጻፍኩ። ፕሮግራሙ ብዙ ጊዜ እምቢ አለኝ፤ በመጨረሻ ሠራ። ላፕቶፑን ይዤ እማዬ አጠገብ ተቀመጥኩ።

«ቀይሮልሻል» አልኳት።