ከቫዮላ ሥር የተነሣው እንቁላል

[ሁለተኛው የዓለም ጦርነት አራተኛ ዓመቱን ይዟል፤ እንቁላልም በራሽን ሆኗል። ሞርቲመርና አልፍ ከለንደን ወጣ ብሎ ባለ የፊልም ስቱዲዮ ውስጥ የአሽከር ልብስ ለብሰው ከአንድ ጠረጴዛ ኋላ ቆመዋል። በአንድ አስቂኝ የሙዚቃ ፊልም ላይ አጃቢ ተዋናዮች ናቸው፤ ለሞርቲመር ሰባተኛው ፊልም ነው፣ ለአልፍ የመጀመሪያው። ጠረጴዛው ላይ፣ በብር ሳህን፣ ዘፋኙ የፍቅር ዘፈን የሚዘፍንለት አንድ እንቁላል ተቀምጧል። ሞርቲመር ትኩስ እንቁላል ከቀመሰ ስድስት ሳምንት ሆኖታል።]

ሞርቲመር፦ የውሸት ነው አልኩህ! ጀሶ!

አልፍ፦ ኧረ ጀሶ አይደለም።

ሞርቲመር፦ ስማኝ አልፍ። ያ የምታየው ሥጋ ቀለም የተቀባ እንጨት ነው። ወይኑ ሻይ ነው። የዘፋኙን ፀጉርማ ተወው። ፊልም ላይ እውነተኛ ነገር የለም።

አልፍ፦ እንቁላሉን ግን እኔ ነኝ ያመጣሁት። ዛሬ ጠዋት ከቫዮላ ሥር አንሥቼ።

ሞርቲመር፦ ቫዮላ ደግሞ ማናት?

አልፍ፦ ዶሮዬ ናታ።

[ሞርቲመር ምራቁን ዋጠ።]

ሞርቲመር፦ ከ... ከሥሯ?

አልፍ፦ ገና ሙቅ ነበር። በካልሲ ጠቅልዬ ነው ያመጣሁት።

ሞርቲመር፦ ካልሲው ንጹሕ ነው?

አልፍ፦ የታጠበ ነው። የዕቃ ኃላፊዋ ስትለምነኝ፣ ቀረጻው እንዳለቀ ልትመልስልኝ ቃል ገብታ ነው። ቅዳሜ ልጄ ታገባለች። ለኬኩ ሦስት እንቁላል ያስፈልጋል፤ ያለን ሁለት ነው። ይሄ ካልተመለሰ ሦስተኛው የለም ማለት ነው።

ሞርቲመር፦ የእንቁላል ዱቄት አለ አይደል እንዴ?

አልፍ፦ ሞከርነው። ባለቤቴ በዱቄቱ የጋገረችውን ኬክ ቀመሰችና በር ማስደገፊያ አደረገችው።

ሞርቲመር፦ [በሐዘኔታ] ምስኪን። ይሄን ሁሉ መብራት አታይም? በዚህ ግለት የዋለ እንቁላል ይበላሻል። ሙሽራዋን ልታሳምማት ነው?

አልፍ፦ ይሄኛው እንኳ አይበላሽም። ደግሞ ቫዮላ ካላየችው ታኮርፋለች።

ሞርቲመር፦ ዶሮ እንቁላል አይናፍቃትም፣ አንተ ሰው!

[ዘፋኙ መጣ፣ ለእንቁላሉ ዘፈነ፣ ሄደ። መብራቱ ሲጠፋ ሞርቲመር እጁን ወደ ሳህኑ ሰደደና እንቁላሉን ኪሱ ውስጥ ከተተ።]

አልፍ፦ እንቁላሉስ?

ሞርቲመር፦ ጽዳቶቹ ጥለውት ይሆናል። ይበላሻል አላልኩህም?

አልፍ፦ [ጠረጴዛው ሥር ተንበርክኮ] አሁን ልጄን ምን ብዬ ልንገራት?

[ሞርቲመር አንጀቱ አልቻለም፤ ሆዱ ግን ከአንጀቱ ቀድሞ የስቱዲዮው ምግብ ቤት ደረሰ። መጥበሻ ተዋሰ። እንቁላሉን በመጥበሻው ጠርዝ መታው፦ ቋ! ደገመው፦ ቋ! በሦስተኛው በሁለት እጁ አነሣው።]

አልፍ፦ [ከኋላው] ቀስ! ይጫራል!

ሞርቲመር፦ አልፍ! እኔ እኮ... አግኝቼልህ... ምን ጉድ ነው ይሄ?

አልፍ፦ ከሲኒ ሸክላ የተሠራ ነዋ። ጎጆዋ ውስጥ ካላስቀመጥኩላት ቫዮላ አትጥልም። ሦስተኛውን እስከ ቅዳሜ እንድትጥልልኝ፣ ዛሬውኑ ልመልስላት ነው።

ሞርቲመር፦ ታዲያ የውሸት ነው አትለኝም ነበር?

አልፍ፦ አንተ አይደለህ እንዴ ከጠዋት ጀምሮ የምትነግረኝ? እኔማ የምታውቅ መስሎኝ ነው።

[ሞርቲመር መጥበሻውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። አልፍ እንቁላሉን በካልሲው ጠቀለለ።]

አልፍ፦ በል አትዘን፣ ቅዳሜ መጥተህ ኬኩን ትቀምሳለህ። ቫዮላም በዚሁ እንቁላል ስትታለል ሦስተኛ ዓመቷ ነው። ልትጠብሰው ግን ሞክራ አታውቅም።